ያረጀ ፈረስ አፍ

ባሕር ዳር ላይ የጋሪ ፈረስ ሲከሳ ባለቤቱ የሚነግረኝ ምክንያት አንድ ነው፤ «አርጅቷል»። በእንስሳት ሕክምና ስቆይ ያየኋቸው ብዙዎቹ ግን ዕድሜ አልገደላቸውም፤ ጭዱ ፊታቸው እያለ ነው በረኃብ ያለቁት።

አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ዳማ ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡ።

«ዶክተር፣ ቫይታሚን ውጋልኝ። ጉልበት ከድቶታል።»

«እሺ አባባ፣ መጀመሪያ አፉን ልየው።»

እግሩ ሥር ታኝኮ ያልተዋጠ የጭድ ጉርሻ ወድቋል። ፋንድያው ውስጥ ገብሱ እንዳለ ወጥቷል። አፍ መክፈቻውን አስገብቼ በጣቴ ስዳብስ ጉንጩ ከውስጥ ቆስሏል፤ አንዱ መንጋጋ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ይሸታል። በላይኛው የዳር የፊት ጥርሱ ላይ ያለው ጥቁር ቦይ እኩሌታው ድረስ ወርዷል። ይህ ቦይ በ10 ዓመት ገደማ ከድድ ሥር ብቅ ይላል፣ በ20 ዓመት ገደማ ጥርሱን ሙሉ ይወርዳል። ስለዚህ ዳማው 15 ዓመት ቢሆነው ነው። ይህ ለፈረስ መሞቻ አይደለም።

የፈረስ ጥርስ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከድዱ እየወጣ በማኘክ ያልቃል። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ስለሚሰፋ ግን እኩል አያልቅም። የላይኛው በጉንጭ በኩል፣ የታችኛው በምላስ በኩል ስለት ያወጣል። የሚነቃነቀውን ነቀልኩ፣ ስለቱን በሞረድ አለዘብኩ። ሞረድ ማብዛት ግን አይገባም፤ ካረጀ ጥርስ ላይ የተወሰደ አይተካም።

እንዲህ ላለ ፈረስ ረጅም ጭድ አይሆነውም። ፉርሽካ በውኃ ይራስለት፤ የተወቀጠ የኑግ ፋጉሎ ጥቂት፣ ጨውም ጣል ይደረግበትና በትንሽ በትንሹ በቀን ደጋግሞ ይብላ። ፋጉሎውን ቀስ በቀስ ማልመድ ነው፤ ባንዴ ከበዛ ሆዱን ይቆርጠዋል።

ውኃም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጣና ዳር ደንገሉ ውስጥ የጠጣ ፈረስ አልቅት ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ በአንድ አፍንጫው ደም ከታየ እሱን ጠርጥሩ። በባልዲ ቀድቶ ማጠጣት ይሻላል።

ከሁሉ የምፈራው በቆዳው ሥር እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚያብጠውንና የሚፈነዳውን የፈንገስ በሽታ ነው። ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ይባላል፤ ክትባት እንደ ልብ አይገኝለትም፣ ሕክምናውም ረጅምና ውድ ነው። በቁስል ይገባል፣ ዝንብና የማሰሪያ ዕቃ ያዛምቱታል። የከሳ ሽማግሌ ፈረስ አጥንቱ ስለሚያገጥጥ ማሰሪያው ቶሎ ይልጠዋል። ባለጋሪዎች ደግሞ ማሰሪያ ይዋዋሳሉ። ይህን ልማድ እንዲተዉ ሁልጊዜ እለምናለሁ።

ጋሪ መጎተት ያቃተውን ፈረስ አስፋልት ዳር ፈትቶ መልቀቅ ግን ልቤን ያደማዋል። ሥጋው አይበላ፣ ገዢ የለው፣ ሲመሽ ለጅብ ነው። ዓመታት ቤተሰብ ላበላ እንስሳ፣ መዳን ካልቻለ ሳይሰቃይ በባለሙያ እጅ መሞት ይገባዋል።

በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ ልጓሙ፣ ኮርቻው፣ ጌጡ ሁሉ ያምራል። አፉን ግን ማንም አይከፍትም። ከሜዳው ዳር አንድ ድንኳን ተተክሎ፣ አፍ መክፈቻና ሞረድ የያዙ ሁለት ባለሙያዎች ቢቀመጡበት በዚያ ቀን የስንቱ ፈረስ አፍ በታየ ነበር። ድንኳኑ ከተተከለ አንዱ እኔ እሆናለሁ፣ ያለ ክፍያ።