ስለ ኮሌስቴሮል ክርክር

ፕሮፌሰር አንሴል ኪስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ የስድስት አገሮችን ቍጥር በአንድ ሥዕል ላይ አሰልፈዋል፤ ከታች ጃፓን፣ ከላይ አሜሪካ። በገበታ ላይ ስብ በበዛ ቍጥር በልብ በሽታ የሚሞተው ይበዛል ማለታቸው ነው። በ1957 ግን የሩሻልሚና ሂልቦ የ22 አገሮችን ቍጥር አምጥተው ቢያስተያዩት ያ ያማረ መሥመር ላላ። በዚህ ነቀፌታ እኛም እንስማማለን።

የማንስማማው ከዚህ ተነሥተው ኮሌስቴሮል ያለ ኃጢአቱ ተከሰሰ ከሚሉት ጋር ነው። የገበታው ስብ አንድ ጥያቄ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ኮሌስቴሮል ሌላ። በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ ከ1948 ጀምሮ 5,209 ሰዎች እየተመረመሩ ሲጠኑ፣ ኮሌስቴሮላቸው ከፍ ያለው በልብ በሽታ ይበልጥ ሲያዙ ተገኙ። አብሮ መገኘት ምክንያት አይሆንም የሚለን ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ በ1994 የታተመውን የስካንዲናቪያ ሙከራ እንመልከት። የልብ ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ከ5 ዓመት በላይ ሲጠበቁ፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጣቸው 2,223 ሰዎች 256 ሞቱ፤ ኮሌስቴሮል የሚቀንሰውን ሲምቫስታቲን ከወሰዱት 2,221 ግን 182። «በ30 በመቶ ቀነሰ» እየተባለ የሚጠቀሰው ይኸው ነው፤ ከመቶ ሕሙማን ሲቈጠር ሦስት ነፍስ ያህል ይሆናል። ሁለቱም አቈጣጠር ልክ ነው፤ ነገር ግን ሐኪም ለበሽተኛው የመጀመሪያውን ብቻ ቢነግረው አላስረዳውም እንላለን።