እንግዳ ተናጋሪና ባለቤት፤ በጉቴ ስለሚደረጉ የሴቶች ስብሰባዎች
የሕዝብን ልማድ የሚመረምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በዘፈኑ፣ በተረቱ፣ በሠርጉና በልቅሶው ላይ ነው። ስብሰባ ግን ልማድ መስሎ ስለማይታየው ያልፈዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከስብሰባ ዓይነቶች አንዱን፣ ይኸውም ሴቶች ተሰብስበው የእንግዳን ንግግር የሚሰሙበትን ሥርዓት መመርመርና በአገራችን የያዘውን መልክ መተቸት ነው። ዋናው ምሳሌ የተወሰደው ከነቀምት በስተ ምሥራቅ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ከምትገኘው ከጉቴ ነው፤ ለንጽጽር ደግሞ በትምህርት ዘመኔ በአሜሪካ፣ በሚኔሶታ ያየሁትን አስቀድሜ አቀርባለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1825 ጀምሮ በመቶ ዓመት ውስጥ ከ800,000 የሚበልጡ ኖርዌያውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግረዋል። ብዙዎቹ የሰፈሩት በሚኔሶታና በአጎራባቾቹ ግዛቶች ነው። ሴቶቻቸውም በየአጥቢያው ማኅበር አቋቁመው የእጅ ሥራቸውን እየሸጡ ቤተ ክርስቲያናቸውንና የወንጌል ተልእኮን ይረዱ ነበር። እኔም ከእነዚህ ስደተኞች በተወለዱ ሴቶች ክበብ ስለ ኢትዮጵያ እንድናገር አንድ ጊዜ ተጠርቼ ነበር። የስብሰባው ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ሊቀ መንበሯ ትከፍታለች፤ ጸሐፊዋ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ታነባለች፤ ሒሳብ ይሰማል፤ ከዚህ በኋላ እንግዳው ከተሰብሳቢዎቹ ጋር ተዋውቆ ይናገራል፤ ጥያቄ ይከተላል፤ በመጨረሻም ቡናና ጣፋጭ ይቀርባል። ርእሱን የመረጡት ሴቶቹ ናቸው። እንግዳው አፉን ከመክፈቱ በፊት የቤቱን ጉዳይ ቁጭ ብሎ መስማት ግዴታው ነው።

በንግግሬ መካከል በአገራችን አራስ ገንፎ እንደምትበላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሼ አለፍኩ። በጥያቄው ሰዓት አንዲት አሮጊት ተነሥተው፣ በኖርዌይም ሴት በወለደች ጊዜ ጎረቤቶቿ በኮመጠጠ ክሬም የተሠራ ገንፎ፣ በተቀረጸና ቀለም በተቀባ የእንጨት ዕቃ አድርገው ይወስዱላት እንደነበር ተናገሩ። የቀሩትም ከየአያቶቻቸው የሰሙትን ጨመሩ። ላስተምር የሄድኩት እኔ ተምሬ ተመለስኩ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሴቶችን በማኅበር ሰብስቦ ማነጋገር አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በ1935፣ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በ1980 ተቋቁመዋል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን መደበ፤ ከ2011 ወዲህም ሴቶች አንድ ለአምስት በሚባለው አደረጃጀት በልማት ሠራዊት ስም እንዲሰባሰቡ ተደረገ። ከዚሁ ጋር የነፍሰ ጡር እናቶች ጉባኤ የሚባል ስብሰባ ተለመደ። በዚህ ጉባኤ ከጤና ጣቢያ የመጣች አዋላጅ ስለ እርግዝና ክትትል፣ ስለ አደጋ ምልክቶችና በጤና ተቋም ስለ መውለድ ለነፍሰ ጡሮቹ ትናገራለች። ቡናም ይፈላል። ላይ ላዩን ለተመለከተው፣ ነገሩ ከሚኔሶታው ክበብ ጋር አንድ ዓይነት ይመስላል።

ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። በሚኔሶታ እንግዳውን የጠሩት ሴቶቹ ናቸው፤ በጉቴ ባየኋቸው ስብሰባዎች ግን ሴቶቹን የጠራው የእንግዳዋ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ እንግዳ ተብላ የመጣችው ባለቤት ትሆናለች፤ ባለቤቶቹ ደግሞ በገዛ ቀያቸው እንግዶች ይሆናሉ። የሚነገረው ጉዳይ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ የተሰብሳቢዎቹ ቁጥር ተመዝግቦ ይሄዳል። በመጨረሻ «ጥያቄ ያላችሁ» ይባላል፤ ማንም አይጠይቅም፤ ይጨበጨባል። ይህ የአዋላጆቹ ጥፋት አይደለም። ብዙዎቹ የሕዝቡን ቋንቋ የሚናገሩ፣ በሥራቸው የሚደክሙ ናቸው። ጥፋቱ የስብሰባው አሠራር ነው።

ነቀፌታውን በሌላ ላይ ብቻ እንዳልጥል፣ እኔም በጉቴ በአንድ የሴቶች ስብሰባ እንግዳ ተናጋሪ ሆኜ 40 ደቂቃ ተናግሬአለሁ። አንድም ጠያቂ አላገኘሁም። በማስታወሻ ደብተሬ «ሴቶቹ ዓይነ አፋሮች ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ከስብሰባው በኋላ ግን ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ ቡና ጠራችኝ። እነዚያው ሴቶች በጓዳው ዙሪያ ተቀምጠው፣ ሁለተኛው ሲኒ ሳይዞር በኦሮምኛ ያከታተሉብኝን ጥያቄ ለመጻፍ እጄ አልደረሰም። አንዲት ነፍሰ ጡር «መምህር፣ ከእናቶች ማቆያ ገብቼ የወለድኩ እንደሆነ ሸነኔ የት ይደረጋል? ማንስ ይመርቀኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ሸነን ስሙ «ሸን» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጣ ነው፤ አምስት ማለት ነው። ሴት በወለደች በአምስተኛው ቀን ጎረቤቶቿና ዘመዶቿ ተሰብስበው መርቃ የሚሉትን ገንፎ ይበላሉ፤ ይዘፍናሉ፤ አራሷንና ሕፃኑን ይመርቃሉ። በዚህ ጉባኤ ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ ንግግር የለም። መራቂዋ ቃሏን ባወጣች ቁጥር የቀሩት «ይሁን» እያሉ ይቀበሏታል። እንግዳም በዚህ አገር የሚናገረው ተጠይቆ ነው። በመጀመሪያ ይቀመጣል፤ እህል ውሃ ይቀርብለታል፤ ከዚያ በኋላ «ኦዱ» ማለት ወሬ ይጠየቃል። የእንግዳ ቃል ለቤቱ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ሳይጠየቅ ተነሥቶ የሚናገርን እንግዳ በዝምታ ማዳመጥ ጨዋነት ነው፤ ዕውቀት ማጣት አይደለም።

ይህን ስል የገዛ ልማዳችንን አስውቤ የሌላውን ለማንኳሰስ አይደለም። የሚኔሶታው ክበብ በዚህ ወር ስለ ኢትዮጵያ፣ በሚቀጥለው ወር ስለ ሌላ አገር ይሰማል፤ ከሰማውም ብዙው ከቡናው ጋር ያልቃል። ሸነንም የሚደረገው ከወሊድ በኋላ ነው፤ አደጋው ግን አምስተኛውን ቀን አይጠብቅም። ስለሆነም አዋላጅ የምትናገርበት፣ ከወሊድ የሚቀድም ስብሰባ ያስፈልጋል። የምተቸው መኖሩን ሳይሆን የተሠራበትን መንገድ ነው።

«የእናት ሕይወት በአደጋ ላይ ሳለ ስለ ስብሰባ ሥርዓት መከራከር ቅንጦት ነው» የሚል ተቃዋሚ ይኖር ይሆናል። የነገሩን ክብደት አልክድም። በእንግሊዝ አገር በነርስነት የሠለጠኑት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1942 ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ያረፉት በዚሁ በነቀምት ነበር። የንጉሠ ነገሥት ልጅን ያላለፈ አደጋ በገበሬ ሚስት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ መገመት ይቻላል። ነገር ግን ጥያቄው ይበልጥ የሚያስፈልገው ስለዚሁ ነው። ሸነኔ ይቀርብኛል ብላ ከማቆያው የምትቀር ሴት የጎደላት የአደጋ ምልክቶች ዝርዝር አይደለም፤ ደጋግማ ስለሰማችው በቃሏ ታውቀዋለች። የጎደላት ለጥያቄዋ መልስ ነው። በአንዳንድ የአገራችን ጤና ጣቢያዎች ለወላዶች ገንፎና ቡና ማዘጋጀት መጀመሩ የሚመሰገን ነው፤ እንዲህ ያለውን ሐሳብ የሚያገኘው የሴቶቹን ቃል ያዳመጠ ብቻ ነውና።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከባርነት ነጻ ወጥታ በኤርትራ የተማረችው አስቴር ጋኖ፣ ወደ 500 የሚደርሱ የኦሮሞ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ጽፋ ነበር። ከእነርሱም ከፊሉ ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው፣ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። ወደ ወለጋ መጥታ ማስተማር የጀመረችው ከዚህ በኋላ ነው። የተማሪዎቿን ሕዝብ ቃል አስቀድማ ጽፋ ስለነበር፣ እንግዳ ሆና አልመጣችባቸውም።

እንግዲህ ስብሰባውን ለሚያዘጋጁ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እንግዳን የሚጠሩት፣ ርእሱንም የሚመርጡት ሴቶቹ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ እንግዳዋ ከመናገሯ በፊት የማኅበሩን ጉዳይ ቁጭ ብላ ትስማ። ሦስተኛ፣ ቡናው የስብሰባው ማሳረጊያ ከሚሆን መጀመሪያው ይሁን፤ ንግግሩም በቡናው ላይ ለተነሣው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ይሁን። ይህ ሁሉ ከበጀት የሚጠይቀው ነገር የለም፤ ከተናጋሪው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለልማድ ተመራማሪዎችና ለተማሪዎቻችንም የምለው አለኝ። እኛም በየገጠሩ የምንሄድ እንግዶች ነን፤ ብዙ ጊዜም ሳንጠራ የምንሄድ ነን። መጠይቅ ይዘን ገብተን ዝምታ ሲገጥመን፣ ዝምታውን የሕዝቡ ጠባይ አድርገን እንጽፋለን። እኔ ከጉቴ ቡና በኋላ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ሴቶቹ ዓይነ አፋሮች ናቸው» የሚለውን ሰርዤ፣ በስፍራው «ተናጋሪው የቤቱን ጉዳይ አልጠየቀም» ብዬ ጽፌበታለሁ።