ጭቃው አይለበስም

በእጅ የሚሠራ የበዓልም ሆነ የመድረክ ጭምብል በጭቃ ይጀመራል፤ በጭቃ ግን ማለቅ የለበትም። ምድጃ የማይፈልገው፣ በአየር ብቻ የሚደርቀው የእጅ ሥራ ጭቃ ከተስፋፋ ወዲህ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ ጭቃው ራሱ ደርቆ የሚጠነክር ከሆነ ለምን እንዳለ አይለበስም?

ሙሉ ፊት የሚሸፍን ጭምብል ስፋቱ 400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ክብደቱ ወደ 400 ግራም ይጠጋል፤ አብዛኛው ሸክም ደግሞ የሚያርፈው አፍንጫ ላይ ነው። ማሳሳቱም አያዋጣም። ጭቃ ውኃው ሲተን ይኮማተራል፤ የተደገፈበት ቅርጽ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ በሳሳበት ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ቢደፈን እንኳ የለባሹ ላብና ትንፋሽ ከውስጥ እያረጠበ ያለሰልሰዋል። በምድጃ የሚበስለው ፖሊመር ጭቃ ላብን ይችላል፤ ክብደቱ ግን ያው ነው።

ቬኒስ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላት። የከተማይቱ ጭምብል ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1436 የራሳቸው የሙያ ደንብ ነበራቸው፤ ዛሬም በዚያ በእጅ የሚሠራው ጭምብል በዚህ መንገድ ያልፋል፦ ፊቱ በጭቃ ይቀረጻል፣ ጄሶ ይፈስበታል፣ ጄሶው ሲጠነክር ጭቃው ተፈልቅቆ ይወጣል፣ በቀረው ጎድጓዳ ውስጥ ሙጫ የጠጣ ወረቀት ይለጠፋል። የሚለበሰው ያ ወረቀት ነው፤ ክብደቱም ከ100 ግራም አይዘልም። ለመቅረጹ ተራው የሸክላ ሠሪ ጭቃ ይበቃል።

ጭምብሉ ነፍስ መዝራት አለመዝራቱ የሚታወቀው ግን ገና በጭቃው ላይ ነው። እዚያ የተሳተን ነገር ቀለም አያቃናውም። ብዙ ጀማሪ ጭቃውን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ በጣሪያ አምፖል ብርሃን፣ ቅንድብና የከንፈር መስመር በመርፌ ሲጭር ይውላል። ይህ ጌጥ ነው፤ ከሩቅ አይታይም። ከመድረክ በታች የተቀመጠ ተመልካች ጭምብልን የሚያነበው በጥላው ነው፤ ጥላው የሚወለደውም ግንባሩ በቅንድቡ አጥንት ላይ ከሚታጠፍበት፣ ጉንጩም ወደ መንጋጋ ከሚወርድበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጭቃው እንደ ቆመ ሰው ፊት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ክፍሉ ይጨልማል፤ አንድ መብራት በእጅ ተይዞ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞርበታል። በደንብ የተቀረጸ ጭቃ መብራቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስሜቱ ይለወጣል፤ ከላይ ሲበራበት ያዘነ፣ ከታች ሲበራበት የሚያሾፍ ይመስላል። የማይለወጠው ምንም ያህል ቢያምር ይፍረስ። ሁለቱን ጉንጮች በማስመሪያ ለክቶ እኩል ማድረግም ፊቱን ይገድለዋል። የግራው ጉንጭ በአውራ ጣት አንዴ ገፋ ቢደረግ፣ የአፉም ጫፍ በዚያው በኩል ጥቂት ቀና ቢል፣ ተዋናዩ አንገቱን ባዞረ ቁጥር ሌላ ሰው ብቅ ይላል።

ጥልቀቱም ከተፈጥሮ ይብለጥ። ወፍራም ወረቀት ጠባብ ስርጉድ ውስጥ አይገባም፤ በኋላ የሚቀባው የጄሶና የሙጫ ቅብም የተረፈውን ይሞላዋል። ጭቃው ላይ የተጋነነ የሚመስል የዓይን ጉድጓድ በመጨረሻ ልክ ይሆናል። ከአፍንጫው ክንፍ ሥር ወደ ውስጥ የሚሸሽ ዋሻ ግን አይተውም፤ ወረቀቱን ነክሶ ከጄሶው አያስለቅቀውም። ባውታ የሚባለው የቬኒስ ጭምብል ቅርጽ ብቻውን ምን ያህል እንደሚችል ያሳያል። ነጭ ነው፣ ጌጥ የለውም፤ የታችኛው ክፍሉ ወደ ፊት ሾሎ ስለወጣ ግን ለባሹ ሳያወልቀው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ድምፁም ይለወጣል።

የቀረው ሥራ ትዕግሥት ነው። ጄሶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ እስኪቀዘቅዝ አይነካም። ሲደርቅ ውስጡ ቫዝሊን ይቀባል። ወረቀቱ በእጅ ይቀደዳል እንጂ በመቀስ አይቆረጥም፤ የተቀደደ ጠርዝ ከጎኑ ካለው ጋር ሳያስታውቅ ይዋሐዳል።

ወረቀትን የሚገዳደር ሌላ መንገድ ቆዳ ነው። የፓዱዋው ቀራጺ አምሌቶ ሳርቶሪ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቆዳን በእንጨት ቅርጽ ላይ ወጥሮ ጭምብል የመሥራትን ጥበብ መልሶ አነሣ። በሚላኖው ፒኮሎ ቴአትር አርሌኪኖ የተባለውን ባለ ጭምብል ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ማርቼሎ ሞሬቲ ጭምብሉን ጠልቶ ፊቱን ቀለም ይቀባ ነበር፤ የሳርቶሪን የቆዳ ጭምብል ግን በኋላ ተቀብሎታል። ዓመት ከዓመት በላብ ለሚሠራ ተዋናይ ቆዳ ይበልጣል። ለበዓል ሰሞን ግን ወረቀት ይበቃል፤ ከአንድ ጄሶም ብዙ ጭምብል ይወጣል።

ዕድሜውን ለዚህ ሙያ የሰጠ ሰው ከጭምብሎቹ ይልቅ ለጭቃው ይሳሳል። ጭምብሎቹ ለባሾቻቸውን ተከትለው ይሄዳሉ፤ እሱ ዘንድ የሚቀረው ያ ሁሉ ፊት ያለፈበት ጭቃ ነው። ስለዚህ ከጄሶው የወጣው አይጣልም። የጄሶ ፍርፋሪ የነካው ተለቅሞ ይወገዳል፤ ንጹሑ ውኃ ተረጭቶበት በላስቲክ ይጠቀለላል። እየቆየ በሄደ ቁጥር ይበልጥ ይለጠጣል፣ ለጣትም ይታዘዛል።