አጥሩን ተደግፈው የሚያዩ

በምዕራብ አውስትራሊያ የእግር ኳስ ሊግ፣ ኮልትስ የሚባሉት ታዳጊዎች ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት ዋናው ግጥሚያ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩ ነው። መቀመጫው ገና ባዶ ነው። አጥሩን ተደግፈው የሚቆሙት ጥቂት ደጋፊዎች ግን ቀድመው ይመጣሉ፤ እኔ የማደንቀው እነሱን ነው።

በሞላላ ኳስ በሚጫወቱት በአውስትራሊያ ዓይነቱ እግር ኳስ ጎል ስድስት ነጥብ ስለሚያስገኝ የብዙው ሰው ዓይን አግቢው ላይ ይቀራል። እነሱ የሚያዩት ሌላ ነው። ልጁ በደካማ እግሩም ይመታል? ሞላላዋ ኳስ መሬት ነክታ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ስትነጥር ሳይደነግጥ ጎንበስ ብሎ ያነሳታል? ከተነጠቀ በኋላስ ተመልሶ ያሳድዳል ወይስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል? ሰውነቱ ገና ያልጠነከረ የ17 ዓመት ልጅ ተገፍቶ ሲወድቅ አይተው አይስቁም፤ «ሁለት ዓመት ስጡት» ይላሉ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከቁጥር ሰንጠረዥ አይገኝም።

ትዝታቸውም ረጅም ነው። ተጫዋቹ ቲም ኬሊ በብሔራዊው ሊግ የተጫዋቾች ምልመላ ታልፎ፣ በዚሁ የምዕራብ አውስትራሊያ ሊግ በሳውዝ ፍሪማንትል ክለብ ማሊያ መጫወቱን ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የብሔራዊው ሊግ ክለብ ጂሎንግ ሲመርጠው 23 ዓመቱ ነበር። ለአገሩ አዲስ ስም ቢሆንም በክለቡ ሜዳ በፍሪማንትል ኦቫል አጥር ሥር ለሚቆሙት አዲስ አልነበረም።

እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 የተመሠረተው ይህ ሊግ የመልማዮች መተላለፊያ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ያልተመረጠውንስ ልጅ በስሙ ጠርቶ «ግራ እግርህ ተሻሽሏል» የሚለው ማን ነው?