አታሳጥሩ፣ ቀንሱ

ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚታሰበው ሁሉን ነገር ማሳጠር ነው። መድረኩ ይቆረጣል፤ ኩርባው ይጠባል፤ ፉርጎዎቹ ሦስት ብቻ ይቀራሉ፤ ጣቢያው፣ መጋዘኑ፣ ድልድዩና የሎኮሞቲቭ ቤቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ይታጨቃሉ። በመጨረሻ ምንም የጎደለ ነገር የለም፤ ግን የባቡር መስመር አይመስልም። ሞዴል ባቡርን በጥንቃቄ ልኬት መሥራት ለሚፈልግና ሰፊ ክፍል ለሌለው ሰው የማካፍለው አንድ ምክር አለኝ፦ የነገሮቹን ቁጥር ቀንሱ፣ ርዝመታቸውን አትንኩ።

የጥንቃቄ ልኬት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በቁጥር ላስረዳ። በብሪታንያ በብዛት የሚሠራበት መጠን የእውነተኛውን አንድ ጫማ በ4 ሚሊ ሜትር ይወክላል፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው 76.2 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የሞዴሉ 18.83 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። በየሱቁ የሚሸጠው ግን 16.5 ነው። ነገሩ የቆየ ነው፤ የብሪታንያ ሎኮሞቲቮች ከአህጉር አውሮፓዎቹ ጠበብ ስለሚሉ የዚያ ዘመን ሞተር አልገባባቸው አለ፤ አካሉን ሲያተልቁት ሐዲዱ ለ1:87 መጠን በተሠራበት ስፋት ቀረ። ያ 16.5 ወደ እውነተኛው መጠን ቢመለስ 1,257 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ጎድሏል። ከፊት ለፊት ሲያዩት ባቡሩ እግሩን ገጥሞ የቆመ ይመስላል። ይህ ያልጣማቸው ሠሪዎች መጀመሪያ 18 ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ ፒ4 በተባለው ደረጃ ሙሉው 18.83 ላይ ደረሱ።

የሐዲዱ ስፋት ሲስተካከል ሌላውም ተከትሎ ይስተካከላል። የጎማው ከንፈር ይሳሳል፤ በሐዲድ መቀየሪያው ልብ ላይ ከንፈሩ የሚያልፍበት ክፍተት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል። እንዲህ ያለ ጎማ ሸካራ ሐዲድንና ሹል ኩርባን አይታገሥም። ለጀማሪ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው ሐዲድ እጅግ ሹሉ ኩርባ ከመሃል እስከ ሐዲዱ 371 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ እውነተኛው ዓለም ሲመለስ 28 ሜትር ብቻ፤ ዋና መስመር እንዲህ አይታጠፍም። እኔ ከ1 ሜትር በታች መውረድ አልወድም። በ1 ሜትር ኩርባ ክብ መሥራት ደግሞ ከ2 ሜትር በላይ ስፋት ይጠይቃል፤ በአፓርታማ መኝታ ቤት ይህ አይታሰብም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀነሰው ዙሪያውን የሚሽከረከር ባቡር ነው። ይቅር፤ አያሳዝንም። ባቡር በእውነቱም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ የሚደርስ እንጂ በራሱ ላይ የሚዞር አይደለም።

መሽከርከሩ ሲቀር ባቡሩ ሥራ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ አለን ራይት የተባለው እንግሊዛዊ ለሁላችንም ትልቅ ውለታ ውሏል። ኢንግልኑክ ሳይዲንግስ ብሎ በሰየመው ሥራው ሁለት መቀየሪያና ሦስት ማቆሚያ ሐዲድ ብቻ ተጠቀመ፤ አንዱ ሐዲድ አምስት ፉርጎ፣ ሁለቱ ደግሞ ሦስት ሦስት ይይዛሉ። ሎኮሞቲቩ ወደ ኋላ የሚስብበት ሐዲድ ከራሱ ሌላ ሦስት ፉርጎ ብቻ ይበቃዋል። ስምንት ፉርጎዎች ይቆማሉ፤ አምስቱ በዕጣ ይመረጣሉ፤ ሥራው በዕጣው ቅደም ተከተል አሰልፎ ማውጣት ነው። ከስምንት ፉርጎ አምስቱን በቅደም ተከተል መደርደር የሚቻልበት መንገድ 6,720 ነው። በሁለት መቀየሪያ ይህን ያህል ሥራ ማግኘት መቀነስ ማለት መደኽየት እንዳልሆነ ያሳያል።

በዚሁ ሐሳብ የራሴን መደርደሪያ ሳቅድ ስሌቱን ከባቡሩ እጀምራለሁ። የመረጥኩት 16 ቶን የሚጭነውን የብረት የከሰል ፉርጎ ነው፤ ከነማገናኛው 80 ሚሊ ሜትር ያህል ይይዛል። ጎታቹ ክላስ 03 የተባለው ትንሽ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ፣ 104 ሚሊ ሜትር። ሦስት ፉርጎና ሎኮሞቲቭ 344 ይሆናሉ፤ ለመተንፈሻ ጨምሬ 360 አልኩ። አንድ መቀየሪያ ከምላሱ ጫፍ ጀምሮ ሁለት ፉርጎዎች ሳይነካኩ ጎን ለጎን እስከሚቆሙበት ድረስ ወደ 320 ይወስዳል፤ ሁለቱ 640። መጨረሻ ላይ ሦስት ፉርጎ፣ 240። ድምሩ 1,240 ሚሊ ሜትር ነው። አምስት የሚይዘው ሐዲድ ከመጀመሪያው መቀየሪያ ስለሚነሣ በዚሁ ውስጥ ይጠቃለላል። መደርደሪያው 1,500 ቢሆን 260 ሚሊ ሜትር ይተርፋል።

ፈተናው የሚመጣው በዚህ ትርፍ ነው። አንድ ሐዲድ ልጨምርበት የሚል ምኞት ይነሣል። ባዶ ይቀመጥ እላለሁ። እውነተኛ የከሰል ማራገፊያ ግቢ አብዛኛው ጥቁር አፈርና ሣር ነው፤ ዓይን ሐዲዱን የሚያምነው በዙሪያው መሬት ሲያይ ነው። ሐዲዶቹንም ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ትይዩ አላደርጋቸውም፤ በጥቂቱ ሲያዘነብሉ መደርደሪያው የት እንደሚያልቅ ዓይን ቶሎ አይለይም።

ዕቅዱን በትንሽ ወረቀት ስሎ መርካት አደገኛ ነው፤ እርሳስ ምንጊዜም ከብረት ይልቅ ይታጠፋል። ቴምፕሎት በተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም መቀየሪያዎቹን በሙሉ መጠናቸው አትሜ መሬት ላይ እዘረጋለሁ፤ ፉርጎዎቹን አቆምባቸዋለሁ፤ ሕንፃዎቹን ከካርቶን ቆርጬ አስቀምጣለሁ። ከዚያ በእጄ እየገፋሁ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሠራዋለሁ። ፉርጎ ለመፍታት ስዘረጋ እጄን ግድግዳው ይከለክለዋል? ሎኮሞቲቩ ምላሱን ሙሉ በሙሉ አልፎ ይቆማል? ወረቀት ማንቀሳቀስ ዋጋ አያስከፍልም፤ ሐዲድ ነቅሎ እንደገና መትከል ግን ወራት ይበላል።

ይህ መንገድ ለእኛም አሮጌ መስመር ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ሐዲዱ 1 ሜትር ስፋት ነበረው፤ በዚሁ መጠን 13.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሊሠራው የሚነሣ ሰው ለገሀርን፣ የአዋሽን ድልድይና የድሬዳዋን ጋራዥ በአንድ መደርደሪያ ላይ ማየት ቢመኝ አልፈርድበትም፤ ናፍቆት ሁሉን ይፈልጋል። እኔ ብሆን ግን በቆላው አንዲት ትንሽ ጣቢያ እመርጣለሁ፤ አንድ ቤት፣ የእንፋሎቱን ሎኮሞቲቭ የሚያጠጣ አንድ የውኃ ጋን፣ አንድ ተጨማሪ ሐዲድ፣ የቀረው ሜዳ። ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይዘልቅ የነበረ መስመር ርቀቱ በሜዳው ካልታየ በምን ይታያል?

ስለዚህ ከመሣል በፊት ባቡሩ እዚህ ቦታ ምን ሊሠራ እንደመጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የእኔ ይህ ነው፦ የመጣውን ከሰል ለነጋዴው ማድረስ፣ ባዶዎቹን ፉርጎዎች መልሶ መውሰድ። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ መንገደኛ የለም፤ ስለዚህ መድረክ አልሠራም። የሚያድር ሎኮሞቲቭ የለም፤ ስለዚህ የሎኮሞቲቭ ቤት አያስፈልገኝም። የቀረው ሁሉ ሙሉ ርዝመቱን ያገኛል፤ በ1,500 ሚሊ ሜትር ውስጥ በልኩ የተሠራ ባቡር ማስገባት የሚቻለውም በዚህ ብቻ ነው።