የሥነ ልቡና ትምህርት የመጀመሪያ ምዕራፍ፦ ስለ ቀደምት የአስተሳሰብ ጎራዎች አቀራረብ የቀረበ ሂስ

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚሰጠው የሥነ ልቡና ትምህርት እንደ ልማድ ሆኖ በአንድ ዐይነት ምዕራፍ ይከፈታል። ምዕራፉ በመጀመሪያ ሳይንሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበይናል፤ ቀጥሎም ቅርንጫፎቹን፣ ይኸውም የዕድገት፣ የትምህርት፣ የማኅበራዊ ኑሮ፣ የሕክምና፣ የሥራ ሥነ ልቡና እያለ ይዘረዝራል፤ በመጨረሻም አምስት ቀደምት የአስተሳሰብ ጎራዎችን ከነመሥራቾቻቸው በሠንጠረዥ አስፍሮ ያበቃል። ዕጩው መምህር ሠንጠረዡን ይሸመድዳል፤ በፈተናም «የሥነ ልቡና አባት ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ውንድት» ብሎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ይህ ጸሐፊ በዚሁ ምዕራፍ የተማረ፣ በዚሁ ምዕራፍ ያስተማረ፣ በኋላም የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ሆኖ ምዕራፉ ሳይለወጥ እንዲባዛ ከፈቀዱት አንዱ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የሚሰነዘረው ሂስ በመጀመሪያ የሚያርፈው በራሱ ላይ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የሂሱ ፍሬ ነገር የስሞቹ መብዛት ወይም የምዕራፉ ማጠር አይደለም። ጎራዎቹ የተነሡበት ክርክር ተወግዶ ስማቸው ብቻ መቅረቱ ነው። ክርክሩ ደግሞ የላይፕዚግና የቺካጎ ሊቃውንት የእርስ በርስ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ማንኛውም መምህር ሰሌዳ ፊት በቆመ ቁጥር የሚገጥመው ጥያቄ በውስጡ አለበት፤ ይኸውም ሕፃኑ ትክክለኛውን መልስ ሲሰጥ በውስጡ ምን እንደ ተከናወነ በምን ይታወቃል? የሚል ነው።

ሠንጠረዡ የሚሳሳተው ገና ከመጀመሪያው መስመር ነው። «ስትራክቸራሊዝም፤ መሥራች ዊልሄልም ውንድት» ይላል። ውንድት በ1879 ዓ.ም. በላይፕዚግ የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ ማቋቋሙ እውነት ነው። የጎራውን ስም ያወጣው ግን እርሱ አይደለም። ስሙ ታዋቂ የሆነው እንግሊዛዊው ደቀ መዝሙሩ ኤድዋርድ ቲችነር በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1898 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ነው። ንቃተ ኅሊናን ወደ ጥቃቅን ክፍሎቹ በትኖ የመዘርዘሩ ዓላማም ከመምህሩ ይልቅ የቲችነር ነበር። ውንድት በቤተ ሙከራ የሚደረግ ምልከታ ለስሜት ሕዋሳትና ለቀላል ድርጊቶች እንደሚበጅ፣ ሐሳብ፣ ቋንቋ፣ ተረትና ልማድ ግን በዚያ መንገድ ሊደረስባቸው እንደማይቻል ያምን ስለነበር፣ ከ1900 እስከ 1920 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ስለ ሕዝቦች ሥነ ልቡና ዐሥር ቅጾች አሳትሟል። ሠንጠረዡ የሰውየውን ግማሽ ቆርጦ ጥሏል ማለት ነው። የተጣለው ግማሽ ደግሞ ልጆች የየራሳቸውን አፍ መፍቻ ቋንቋና የየአገራቸውን ልማድ ይዘው በሚገቡበት የኢትዮጵያ ክፍል ውስጥ ለሚያስተምር ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ነበር።

የፈንክሽናሊዝም ጎራ «አእምሮ ለምን ይጠቅማል» በምትል ሐረግ ይታለፋል። ይህም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ዊልያም ጄምስ በ1899 ዓ.ም. ለመምህራን ያደረጋቸውን ንግግሮች በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ ከሥነ ልቡና ሕጎች የተዘጋጀ የማስተማሪያ ዘዴ በቀጥታ እናገኛለን ብለው እንዳይጠብቁ አስጠንቅቋቸው ነበርና። ከሠንጠረዡ ሰዎች ሁሉ መጽሐፍ ጽፎ ለእኛ ለመምህራን በቀጥታ የተናገረው እርሱ ሆኖ ሳለ የተናገረው ቃል ከምዕራፉ የለም። ጆን ዱዊም እንዲሁ ነው። በ1896 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ የሻማ ነበልባል ለመንካት እጁን የሚዘረጋን ሕፃን ምሳሌ በማንሣት፣ ነበልባሉን ቀስቃሽ፣ እጅ መዘርጋቱን ምላሽ ብሎ ሁለት መክፈል ስሕተት መሆኑን አስረድቷል። ማየቱና መዘርጋቱ አንድ ተግባር ነው፤ ሕፃኑም አንዴ ከተቃጠለ በኋላ የሚያየው የቀድሞውን ብርሃን ሳይሆን የሚያቃጥል ብርሃን ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ዓመቶቹን ያስተያይ። ዋትሰን የቢሄቪየሪዝምን መግለጫ ያወጣው በ1913 ዓ.ም. ነው። ባሕርይን በቀስቃሽና በምላሽ ከፋፍሎ ለሚያየው ትምህርት የተሰጠው ጠንካራ ሂስ፣ ይህን ትምህርት ዓርማው ካደረገው ጎራ 17 ዓመት ቀድሞ ታትሞ ነበር። ሠንጠረዡ ግን ጎራዎቹን ከላይ ወደ ታች ስለሚደረድር አንዱ ሲሞት ሌላው የተወለደ ያስመስላል። ቲችነር እስከ 1927 ዓ.ም. በሕይወት ነበር፤ እርሱ በኮርኔል ሲያስተምር ዋትሰን ይጽፍ፣ ኮህለር በተነሪፍ ደሴት የዝንጀሮ ወገኖችን ብልኀት ይመረምር፣ ፍሮይድም በቪየና በሽተኞችን ያዳምጥ ነበር።

ወደ ቢሄቪየሪዝም ስንመጣ ነገሩ ከታሪክ ስሕተት ያልፋል። የዋትሰን ጎራ ያበረከተውን አገልግሎት መካድ አይገባም። ሁለት ቤተ ሙከራዎች ራስን በመመርመር ዘዴ የተለያየ ውጤት ቢያገኙ የሚዳኛቸው ባልነበረበት ጊዜ፣ «ሁሉም ሊያየው የሚችለውን ባሕርይ እንመልከት» ማለት ለሳይንሱ መሬት ያስረገጠው እርምጃ ነበር። ጉዳቱ ያለው ምዕራፋችን ከጎራው መርጦ ባስቀረው ላይ ነው። በ1920 ዓ.ም. ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር ዐሥራ አንድ ወር ገደማ የሆነውን ሕፃን አልበርትን በድንገተኛ ድምፅ እያስደነገጡ ነጭ አይጥ እንዲፈራ ማድረጋቸው በሙሉ ይተረካል። ሙከራው የተሠራው በአንድ ሕፃን ላይ ብቻ መሆኑ፣ ፍርሃቱም ሳይወገድለት ሕፃኑ መሄዱ ግን አይነገርም። ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1924 ዓ.ም. ባወጣችው ጽሑፍ፣ ጥንቸል ይፈራ የነበረ ጴጥሮስ የተባለ ሕፃን የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን በጥቂት በጥቂቱ እያቀረበች ፍርሃቱን እንዴት እንዳስወገደች አስረድታለች፤ እርስዋም ከሠንጠረዡ የለችም። የአንደኛ ክፍል መምህር የሚያስፈልገው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

ከዚህም የከፋው የቶርንዳይክ የውጤት ሕግ አቀራረብ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ዓ.ም. ድመቶችን በሣጥን ዘግቶ ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ፣ እርካታ ያስከተለ ምላሽ እንደሚጠነክር፣ ቅሬታ ያስከተለ ምላሽ ደግሞ እንደሚዳከም ደነገገ። ምዕራፋችን ሕጉን በዚህ መልኩ አስፍሮ ያልፋል። ሆኖም ቶርንዳይክ ራሱ በ1932 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ሕጉን አሻሽሎታል፤ ሽልማት ትስስሩን የሚያጠነክረውን ያህል ቅጣት እንደማያዳክመው ከሰዎች ላይ ካደረጋቸው ጥናቶች ተረድቶ ነበርና። ሕጉን በመጀመሪያ ቅርጹ ብቻ የተማረ ዕጩ መምህር፣ አርጩሜ ሳይንሳዊ ድጋፍ ያለው ዘዴ ነው ብሎ ቢያምን ጥፋቱ የእርሱ ነውን? በ1994 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕገ መንግሥቱ የከለከለውን ነገር፣ ባለቤቱ ራሱ ያረመው ሕግ ሳይታረም ተጽፎ ከጓሮ በር እንዲገባ ማድረግ ለማሠልጠኛ ተቋም የሚያስነቅፍ ነው።

የጌሽታልት ጎራ በሠንጠረዡ ውስጥ «ሙሉው ከክፍሎቹ ድምር ይበልጣል» በሚል ይወከላል። ከጎራው ሦስት መሪዎች አንዱ የነበረው ኩርት ኮፍካ ግን በ1935 ዓ.ም. ይህን አባባል አርሞታል፤ በእርሱ አመለካከት ሙሉው ከድምሩ የተለየ ሌላ ነገር ነው እንጂ ድምሩን የሚበልጥ አይደለም፤ መደመሩ ራሱ ትርጉም የለውምና። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ማክስ ቬርታይመር ያቀረበውን የክፍል ውስጥ ምሳሌ ማየት ይበቃል። ቬርታይመር ከሞተ በኋላ በ1945 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ አንድ መምህር የፓራሌሎግራምን ስፋት ሲያስተምር ተመለከተ። መምህሩ ከላይኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ቀጤ ነክ መስመር አወረደ፣ መሠረቱን ወደ ቀኝ አስረዘመ፣ ስፋቱም መሠረት ሲባዛ በከፍታ መሆኑን አረጋገጠ፤ ተማሪዎቹም በሚቀጥለው ቀን የተሰጣቸውን ጥያቄዎች ሁሉ በትክክል ሠሩ። ከዚያም ቬርታይመር ፈቃድ ጠይቆ ቆሞ የሚታይ፣ አቀማመጡ የተለወጠ ፓራሌሎግራም በሰሌዳው ላይ ሣለ። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ያንኑ መስመር አውርደው፣ ያንኑ መሠረት አስረዝመው ግራ ተጋቡ፤ አንዱም ይህን ገና አልተማርንም አለ። ቀደም ሲል የሰጡት ትክክለኛ መልስ ከምን እንደ መጣ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተማር ልምምድ ለመመልከት ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዶ ነበር። ዕጩዋ መምህርት ይህንኑ ትምህርት በሚገባ እያስኬደች ሳለ አንዲት ተማሪ ደብተርዋን ወደ ጎን አዙራ ስታይ ቆየችና፣ «ቲቸር፣ ይህኛውስ ጎን መሠረት መሆን አይችልም?» ብላ ጠየቀች። ዕጩዋ መምህርት፣ «እንደ ተማርነው ሥሪ፤ ደብተርሽን መልሺው» አለቻት። ልጅቱ ትክክል ነበረች፤ ከፍታው እስከ ተስተካከለ ድረስ የትኛውም ጎን መሠረት ሊሆን ይችላል። የዚያች ዕጩ መምህርት የሥነ ልቡና ፈተና ወረቀት በኋላ ሲታይ፣ ለጌሽታልት ጥያቄ ስለ ሙሉውና ስለ ክፍሎቹ ድምር የተለመደውን ጽፋ ሙሉ ነጥብ አግኝታለች። ያረማትም ይህ ጸሐፊ ነው።

ስለ ሳይኮአናሊሲስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከሕክምና ክፍል የመጣ፣ የራሱ ጥያቄ የነበረው ትምህርት ነው። ከሌሎቹ ጎን በሠንጠረዥ መደርደሩ ተመሳሳይ ጥያቄ የመለሰ ያስመስለዋል፤ ዕጩ መምህራንንም ያለ ሥልጠናቸው ዝምተኛ ሕፃን ባዩ ቁጥር የተደበቀ ምክንያት ወደ መፈለግ ይመራቸዋል። ለሌላ ኮርስ ቢተላለፍ ይሻላል።

የቀረበው ረቂቅ ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። የቅርንጫፎቹ ዝርዝር ወደ ግማሽ ገጽ ይጠር፤ ሠንጠረዡ ይውጣ፤ በምትኩ የዱዊ ሻማ፣ የቶርንዳይክ የታረመ ሕግና የቬርታይመር ፓራሌሎግራም በየተራ ሰፋ ብለው ይቅረቡ፤ በፈተናም «አባት ማን ነው» በሚለው ፈንታ «ይህን ገና አልተማርንም» ያለው ተማሪ ቶርንዳይክ ቢያየው ምን ይል ነበር፣ ቬርታይመርስ? የሚል ጥያቄ ይውጣ። የዕቅድ ባለሙያዎች የሚያነሡት ተቃውሞ ይታወቃል፤ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ወረቀቶችን የሚያርም አንድ መምህር በመልስ ቁልፍ የማይታረም ጥያቄ ሊሸከም አይችልም ይላሉ። ተቃውሞው እውነተኛ ነው። ከፈተናው አንድ ጥያቄ ብቻ በዚህ መልክ ቢቀርብና መልሱ በግማሽ ገጽ ቢወሰን ሸክሙ እንደሚቀል ይታሰባል፤ ቢሆንም የአራሚዎች ሰዓት ሳይጨመር ሐሳቡ በወረቀት ላይ መቅረቱ አይቀርም። ሌላው ችግር የምሳሌ እጥረት ነው። በእጃችን ያሉት ከሞላ ጐደል ከሒሳብ የተወሰዱ ናቸውና፣ በንባብ ወይም በኅብረተሰብ ሳይንስ ክፍል ተማሪ ትክክለኛ መልስ ሰጥቶ ጥያቄው ጥቂት ሲለወጥ የጠፋበትን አጋጣሚ ያስተዋሉ መምህራን ቢኖሩ ጽፈው ለዝግጅት ክፍሉ እንዲልኩ ይለመናሉ።