መውጫ የሌለው ሐይቅ፦ ሁለንተናዊ ጤና ከሐዋሳ ዳርቻ ሲታይ

ማለዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው አሞራ ገደል የደረሰ ሰው ቀድሞ የሚያየው ጀልባዎቹን ነው። መረብ ጥለው ያደሩ አስጋሪዎች ቆሮሶውንና አምባዛውን ያወርዳሉ። ወጣቶች ቢላዋ ይዘው ቅርፊቱን ይፍቃሉ፤ ሆድ ዕቃውን ዘርግፈው አንገተ መላጦቹ አባ ኮዳዎች ወደቆሙበት ይወረውሩታል። ከሥጋው ከፊሉ በዳጣ በጥሬው ይበላል፣ ከፊሉ ሾርባ ይሆናል። ዓሣው የታጠበበት ውኃ ቁልቁል ወርዶ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ሰው፣ ዓሣ፣ ወፍና ውኃ በአንድ ጠባብ ዳርቻ ላይ አንዱ ከሌላው ሲቀበልና ለሌላው ሲሰጥ ይታያል። ስለ ሁለንተናዊ ጤና፣ ማለትም የሰውን ጤና ከዙሪያው ጋር አያይዞ ስለማየት፣ የምንናገረው በዚህ ዳርቻ ላይ ቢፈተን ምን ያህሉ ይጸናል? ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ የዋለው መተዳደሪያ ጤናን ከበሽታ ነጻ ከመሆን አልፎ የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ሕይወት ሙሉ ደኅንነት አድርጎ ተረጎመው። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሆኖም ውኃው፣ አፈሩና ዛፉ በትርጓሜው ውስጥ በስም አልገቡም። እ.ኤ.አ. በ1984 ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ ይህን ክፍተት የሚነካ ጥናት አሳተመ። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሕመምተኞች መካከል በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ በተፈጥሮና በጤና ላይ ብዙ ተጽፏል። የአብዛኛው ጽሑፍ አቋም ግን እንደዚያ ሕመምተኛ ነው፤ ተፈጥሮን በመስኮት ያያል፣ ይቀበላል፣ ይሻለዋል። ዛፉ ከሕመምተኛው ምን እንደሚደርስበት የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ሐዋሳም በዚሁ ዓይን ትታያለች። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ፍቅር ሐይቅ በተባለው የሐይቁ ዳርቻ የሚቀመጥ ሰው መንፈሱን ሊያድስ መጥቷል፤ ይታደስለታልም። የሐይቁ ነፋስ፣ የጉሬዛው ዝላይ፣ ከታቦር ተራራ ቁልቁል የሚታየው ውኃ በእርግጥ ያሳርፋሉ። ይህን ማቃለል አይገባም። ጥያቄው እንግዳው ሲመለስ ለሐይቁ ትቶለት የሚሄደው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ጥያቄው በሐዋሳ የሚከብደው በሐይቁ ተፈጥሮ ምክንያት ነው። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ እጅግ በዛ ቢባል 22 ሜትር ያህል ነው። ከምሥራቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ውኃ አብዛኛው በፀሐይ ይተናል፤ ከፊሉ በመሬት ሥር ይሰርጋል። ደለሉ ግን አይተንም። ሐይቁ የተሰጠውን ያስቀምጣል፤ ያስቀመጠውንም ለሰጪው ይመልሳል።

ለዚህ ምሳሌ የትል በሽታ የሆነውን ብልሃርዚያን እንውሰድ። የትሉ ዕንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ሐይቁ ይገባል፤ የተፈለፈለው በዳርቻው ሣር ላይ በምትኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከሳምንታት በኋላ ወጥቶ በሚዋኘው ልጅ ወይም ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ በቆመው አስጋሪ ቆዳ ይገባል። ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ልጁ በማግስቱ ወደዚያው ዳርቻ ከተመለሰ ግን እንደገና ሊያዝ ይችላል። የልጁ ሕመም ከልጁ አካል ውጭ ግማሽ ዕድሜውን ይኖራል፤ ያንን ግማሽ የሚያክም ክኒን የለም። የሚያክመው መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ የቧንቧ ውኃ ነው።

ዓሣውም ይህንኑ ይመሰክራል። ዘሪሁን ደስታ፣ ዝናቡ ገብረማርያምና የኖርዌይ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ባርበስ በተባለው የሐይቁ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ያለው የሜርኩሪ መጠን ዓሣው በሚበላው ነገር እንደሚለያይ አሳዩ። ሌላ ዓሣ የሚበላው ባርበስ ብዙ ይይዛል። በውኃው ውስጥ በዓይን የማይታየው ከአፍ ወደ አፍ እየተከማቸ ይወጣል፤ በዚህ መሰላል ጫፍ ላይ ያለው በላተኛ ደግሞ ሰው ነው።

ሐይቁ ቀድሞ የሚጠብቀው ነበረው። ጥቁር ውኃ ከሐይቁ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ጨለለቃ የተባለው ሥፍራ ከሃምሳ ዓመት በፊት ክፍት ውኃ ነበር። ከተራቆቱት ኮረብቶች የወረደ ደለል ሞልቶት ዛሬ አብዛኛው ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። ቄጠማና ደንገል ያለበት ረግረግ የውኃ ኩላሊት ነው፤ ደለሉን ያስቀራል፣ ከማሳ የታጠበውን ማዳበሪያ መጥጦ ይይዛል። ረግረጉ በደለል ሲሞላና ግጦሽ ሲሆን ግን ኩላሊቱ ይደክማል፤ ሸክሙም በሙሉ ሐይቁ ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ መነሣቱ ተገቢ ነው። ተፈጥሮን እንዲሁ ፈዋሽ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ ከእሳተ ገሞራ አለት ፍሎራይድ ይሟሟበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን ያልፋል፤ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ይህን ያመጣው ፋብሪካ አይደለም። የወባ ትንኝም ራሷ የተፈጥሮ ልጅ ናት። ስለዚህ ሁለንተናዊ ጤና ተፈጥሮን ከማምለክ የተለየ ነገር ይጠይቃል፤ ማወቅን፣ መለካትን፣ ሰጥቶ መቀበልንና ወሰን ማወቅን።

ይህ ዕውቀት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጅ ወካይ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምበላላ ለዚህ ምስክር ነው። አያንቶ የሚባሉት ኮከብ ቆጣሪዎች ሰማዩን አንብበው ቀኑን ይወስናሉ፤ ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራውን ቡርሳሜ ይቀበላሉ። የጎሳ መሪዎች በበዓሉ ምክር ሲሰጡ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚለውን ከስርቆትና ከሐሰት ምስክርነት ክልከላ ጋር በአንድ ትንፋሽ ይናገሩታል። ዛፍ መቁረጥ ከሐሰት መመስከር ጎን ሲቀመጥ የጌጥ ወይም የመዝናኛ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ በጎረቤት ላይ የሚፈጸም በደል ይሆናል። በመስኮት ከማየት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው።

ከተማዋም ሰጥቶ የመቀበሉን ሐሳብ አታውቀውም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን ወደ ውጭ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ሆኖ ነው የተሠራው። መውጫ ለሌለው ሐይቅ የሚገባው አሠራር ይህ ነው። ለፓርኩ የተጠየቀው ለሆቴሉ፣ ለመኪና እጥበቱ፣ ለሆስፒታሉና ለእያንዳንዱ መኖሪያ ቤት ሊጠየቅ ይገባል።

በባላገሩ ሰላምታ ራስ ብቻ አይጠየቅም። ልጆች ደኅና? ከብቱ ደኅና? አዝመራው እንዴት ነው? እየተባለ ይቀጥላል። የአንድ ሰው ደኅንነት በዙሪያው ያለው ደኅና ሳይሆን እንደማይሞላ ጠያቂው ያውቃል። የሐዋሳ ሐኪም ሆዱን ለታመመ ልጅ ክኒን ከማዘዙ በፊት የት ነው የምትዋኘው? ብሎ ሲጠይቅ ያንኑ ሰላምታ እየቀጠለ ነው። መልሱ በልጁ ካርድ ላይ ተጽፎ ብቻ ከቀረ ልጁ በሚመጣው ዓመት ተመልሶ ይመጣል። ውኃ የሚያጠሩት፣ መጸዳጃ የሚሠሩትና ረግረግ የሚጠብቁት ክፍሎችም መልሱን ሊሰሙት ይገባል፤ የሕክምናው ሌላኛው ግማሽ በእነሱ እጅ ነው።